በሃያ ስምንት የዋለው ገና

ባለፈው ሳምንት ሸሕዲ መናኸሪያ አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ተቀምጬ ሚኒባሱ እስኪሞላ ስጠብቅ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ፣ ዝንብ ያዥጎረጎረው የቀን መቁጠሪያ ዓይኔን ያዘው። የታኅሣሥ ገጽ ላይ በቀይ የተጻፈው ቁጥር ሃያ ስምንት ነበር። ዘመኑ ዮሐንስ ነው፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን ሆና ባለፈች ማግስት የሚገባ፣ ገናን ከለመድነው ከሃያ ዘጠኝ አንድ ቀን አስቀድሞ የሚያውል ዘመን። አስተናጋጇ "እህቴ፣ ሻይሽን ዝንብ ጠጣልሽ እኮ!" ብላ እስክትስቅብኝ ድረስ እኔ ሻይ ቤቱ ውስጥ አልነበርሁም፤ ከከተማው ዳር፣ የሣር ክዳን ባላት ቤታችን፣ አሥር ዓመቴ ላይ ነበርሁ።

ደገኞች ስለ ገና ብርድ ሲያወሩ በልጅነቴ አይገባኝም ነበር። በኛ በሱዳን ጠረፍ ቆላ ብርዱ ከጎህ እስከ ጧት ሁለት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ ፀሐይዋ የጎረቤቱን ቆርቆሮ ታንጣጣዋለች፣ ውሻ ሁሉ ጥላ ፍለጋ ይሄዳል። ሰሊጡ ተጭኖ ካለቀ ወዲያ ከተማው ውስጥ የሚቀረው ሽታው ብቻ ነው፤ ከየመጋዘኑ ደጃፍ ቅባት ቅባት የሚል አቧራ ይነሣል፣ ለአጨዳ የመጡት የጎጃምና የወሎ ልጆች አዲስ ነጠላ ጫማ ተጫምተው፣ አዲስ ባትሪ አንግተው፣ ገናን እናታቸው ዘንድ ለመዋል በአውቶቡስ በር ይጋፋሉ። በዚያ ዓመት እኛ ቤት አዲስ ነገር አልገባም። አባቴ ጋሻው ሰሊጡን አጭዶ፣ አስሮ፣ እንዲደርቅ ካቆመው በኋላ ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ ሦስት ቀን ሙሉ ደበደበውና ፍሬውን መሬት ላይ አረገፈው። ከመሬት የረገፈ ሰሊጥ የጉንዳን ነው።

ስለዚህ አባቴ ከጎንደር በመጣ አንድ ባለሀብት እርሻ ላይ የማሽላ ክምር ጠባቂ ሆኖ ገባ። መውቂያው ማሽን ከሌሎቹ እርሻዎች ዞሮ እስኪመጣ ድረስ ብቻውን ከክምሩ ሥር በሠራት ዳስ እያደረ አሳማና ዝንጀሮ ሊከላከል ነው። እርሻው ከኛ ቤት የአንድ ቀን ተኩል የእግር መንገድ ሲሆን ኔትወርክ የሚባል ነገር ስለሌለው ስልኩን ለእናቴ ትቶላት ሄደ። ቀኑ እንዳይጠፋበት በየጧቱ ዱላው ላይ በቢላዋ አንድ አንድ ጭረት ይጭር ነበር። ሲወጣ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ሙሉቀንን ግንባራችንን ስሞ፣ "ለገና ጧት ፍየል እየጎተትሁ እገባለሁ፤ እስከዚያው እናታችሁን እንዳታስቸግሩ" አለን። ገና በስንት እንደሚውል የጠየቀውም፣ የነገረውም ሰው አልነበረም። ገና ገና ነው።

በዓሉ ሳምንት ሲቀረው ጎረቤታችን አያ ምትኩ በር ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በየዓመቱ ሰፈሩ አዋጥቶ በሬ የሚገዛበትን ቅርጫ የሚያሰባስቡት እርሳቸው ናቸው።

"ጠጂቱ፣ አንድ መደብ ልያዝልሽ ወይ? ስትችሉ ትሰጡኛላችሁ። ጋሻው እንግዳ አይዶል።"

"እግዜር ይስጥልኝ አያ ምትኩ፤ ጋሻው ፍየል ይዤ እመጣለሁ ብሎኛል።"

"ፍየሉ እስኪመጣ በሬው ቢቀድም ምን አለ?"

"ኧረ በሞቴ! በሬም ፍየልም በልተን ልንፈነዳልዎት ነው?"

አያ ምትኩ ሳቁ፤ ነገር ግን ዓይናቸው ባዶውን ማድጋ፣ ከማድጋው ጀርባ ተጣጥፎ የተቀመጠውን ባዶ ኬሻ አይቶ ነበር። እናቴም ማየታቸውን አይታለች። እርሳቸው ከሄዱ በኋላ ኬሻውን አንሥታ ከአልጋው ሥር ከተተችው።

ገና ሐሙስ ዋለ። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እኔና ሙሉቀን ከወንዙ ዳር የነጨነውን፣ ግማሹ የደረቀ ሣር ወለሉ ላይ በትነን፣ ታጥቦ በእጅ የተጎተተ የትምህርት ቤት ዩኒፎርማችንን ለብሰን ጠበቅናት። በዚያ ሰሞን ርካሽ የነበረው ሽንኩርት ብቻ ስለሆነ ቁሌቱን በትልቁ ድስት ጣለችው፤ በሩንም ወለል አድርጋ ከፈተችው፣ እዚህ ቤት ትልቅ ወጥ እየተሠራ መሆኑን መንገደኛው ሁሉ በአፍንጫው እንዲያውቅላት። ከወዲያ ከኒሙ ዛፍ ሥር ሰዎቹ የበሬውን ሥጋ በየመደቡ ሲደለድሉ፣ "ጉበቱ አነሰ!" "ሻኛውን ማን ወሰደው?" እያሉ ሲጨቃጨቁ ይሰማናል። የኛ ቁሌት ሥጋውን ይጠብቃል። ሊያር ሲል እናቴ ውኃ ጠብ ታደርግበታለች፤ መልሶ ሲደርቅ መልሳ ጠብ ታደርግበታለች፤ ሙሉቀን በየደቂቃው እስከ መንገዱ ሮጦ ይመለሳል። "አሁን ይደርሳል" ትላለች፣ ሳትጠየቅ። ከሰዓት በኋላ ቁሌቱ ከእሳት ብዛት ቀልጦ፣ ጠቁሮ፣ ስም የሌለው ነገር ሆነ። ፀሐይዋ ወደ ሱዳን ስታዘቀዝቅ አራት የተቀቀሉ እንቁላሎች ከተተችበትና ለኔና ለሙሉቀን አንድ አንድ አወጣችልን። እርሷ አልቀመሰችም፤ እንጀራውን በበርበሬው ጠርዝ ጠርዝ እየነካካች የበላች መሰለች። እስከ ዛሬ እንደዚያ የጣፈጠ ቁሌት በልቼ አላውቅም።

አርብ ጧት ደጃፉ ላይ ፍየል ጮኸ።

"እንኳን አደረሳችሁ! የት አላችሁ? እንኳን አደረሳችሁ!"

አባቴ ነበር። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ሸሚዙ ግን ታጥቧል፤ ወንዝ ውስጥ አጥቦ ሰውነቱ ላይ እንዳደረቀው ከመጨማደዱ ያስታውቃል። የአንድ ወር ጥበቃውን አንዲት ቀይ ፍየል አድርጎ በገመድ ይዟታል። ሐሙስን ሙሉ ጫካ ለጫካ ሲጓዝ ውሎ፣ ከሱዳን ወዲህ ተሻግረው ከሚያሰማሩ ከብት አርቢዎች ሰፈር አድሮ ነው የመጣው፤ እነርሱ ደግሞ የኛን ገና የት ያውቁታል።

ሙሉቀን አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ "አባዬ፣ ገና እኮ ትናንት ሄደ!" አለው።

አባቴ ሳቀ። "ምን አባቱ ይሄዳል! ፍየሉን ሳያይ?" ብሎ ወደ እናቴ ዞረ። እናቴ አልሳቀችም። ዱላውን አነሣና ጭረቶቹን በአውራ ጣቱ እየነካ ቆጠረ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል።

"ዛሬ ሃያ ዘጠኝ አይዶል?"

"ነው" አለችው።

"ታዲያ?"

"ዘመኑ ዮሐንስ ነው፣ ጋሻው።"

ቁጥሩ ልክ ነበር፤ አንድ ቀን አልዘለለም፣ አንድ ቀን አልደገመም። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ዱላውን ጭኑ ላይ አጋደመው። ትልቅ ሰው ገና ያመለጠው ልጅ ሲመስል ያን ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት። ፍየሏ ያነጠፍነውን ሣር በዝግታ ትበላ ጀመር፤ የከለከላትም የለም።

ችግሩ እዚህ ላይ አላበቃም። ለውኃ የሚመላለሰው የእርሻው ትራክተር በዚያው ቀን በዘጠኝ ሰዓት ይመለሳል፤ አባቴ ከርሱ ጋር ካልሄደ ክምሩን ሌላ ሰው ይይዘዋል፣ ሌላ ሥራ ደግሞ የለም። ቅዳሜን ከኛ ጋር መዋል አይችልም። ፍየሏን ከኛ ጋር ለመብላት ያለችው ቀን ያችው አርብ ናት፤ አርብ ደግሞ ጾም ነው። ገና በአርብ ቢውል ኖሮ ይበላ ነበር፤ ገና ግን በሐሙስ ውሎ አልፏል። አባቴ ይህን ሁሉ በልቡ ሲያወርድ ሲያወጣ ቆይቶ እናቴን ቀና ብሎ አያት።

"ስሚ እስቲ። እኔ በገና ቀን ጾሜን መንገድ ሳሳድድ ነው የዋልሁት። ዛሬ ደግሞ ባልጾም፣ እግዜር ማቻቻል አያውቅም?"

እናቴ ሳቀች። ያን ሳቅ አሁንም እሰማዋለሁ፤ ሳቁን መሀል ላይ ቆረጠችና ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ዓይኗ ወደ ፍየሏ፣ ከዚያ ወደኛ፣ ከዚያ ወደ ደጃፉ ሄደ። እሺ ልትል ምንም ያህል አልቀራትም ነበር፤ አፏ ሲከፈት አይቻለሁ።

"እግዜር ያውቅ ይሆናል፤ እኔ አላውቅም" አለች። "አርብ አርብ ነው።"

አባቴ አልተከራከረም። ሽሮ በላ፤ አራታችን ከአንድ ትሪ በላን፤ በልጅነቴ የሞቀ ሽሮ እንደዚያ ቶሎ ሲበርድ አላየሁም። ሲወጣ ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ "ነገ አያ ምትኩ ፍየሏን ይረዱላችሁ። የኔን ድርሻ ቋንጣ አድርጊው፤ ለጥምቀት እደርሳለሁ" አላት። ትራክተሩ በአቧራው ሸፈነው።

ቅዳሜ ፍየሏ ታረደች። እናቴ የአንዱን ታፋ ሥጋ ዘልዝላ፣ በርበሬና ጨው ነስንሳ፣ ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረ ገመድ ላይ ሰቀለችው። በኛ ፀሐይ በሁለት ቀን ደርቆ ቆዳ መሰለ። ጥምቀት መጣ፤ አባቴ አልመጣም። ጥር ሊያልቅ ሲል ከዚያው እርሻ የወጣ አንድ ሠራተኛ በሩ ላይ ቆሞ፣ ማሽኑ መጥቶ ማሽላው እንደተወቃ፣ አባቴ ከሦስት ሰዎች ጋር ወደ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሥራ ፍለጋ እንደተሻገረ፣ "ለወር ያህል ነው በሉልኝ" እንዳለ ነገረን። እናቴ ስልኩን በየቀኑ አያ ምትኩ ቤት ወስዳ ቻርጅ ታደርገዋለች፤ ስልኩ ዝም ይላል። ወሩ ዓመት ሆነ፣ ዓመቱም ዓመቶች ሆነ፤ ሞተ የሚልም፣ በሕይወት አለ የሚልም ሰው እስከ ዛሬ አልመጣም።

ያን አርብ አርደን ብንበላ ኖሮ አባቴ አይቀርም ነበር ብዬ አላስብም። እርሱን የወሰደው የፍየሏ ነገር አይደለም። ነገር ግን አንዲት አፏን ከፍታ እሺ ልትል የነበረች ሴት አውቃለሁ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ለማንኛውም ነገር እሺ ለማለት ስትቸኩል፣ ልጅ ቢለምናት ስትሰጥ፣ ጎረቤት ቢጠራት ስትሄድ፣ ፊቷ ላይ ግን ደስታ ሳይኖር ኖራለች።

የዐቢይ ጾም ቅበላ እሑድ እናቴ ወንበር ላይ ቆማ ከገመዱ ላይ ቋንጣውን አንድ በአንድ አወረደችው። ሁለት ወር ጭስ ጠጥቶ ጠቁሮ ነበር። ቀጠቀጠችው፣ ሠራችው፣ በኔና በሙሉቀን ፊት አስቀመጠችው። ሙሉቀን፣ "የአባዬ አይደለም እንዴ?" አላት።

"ነገ ጾም ነው፤ ጨርሱት" አለች።

ጨረስነው። ከዚያ ወዲህ እናቴ ለማንም ድርሻ አስቀምጣ አታውቅም።