ሁለተኛው እሑድ

እትዬ ግቡ መጋረጃ ሰፊ ናቸው። ሱቃቸው በፋርማሲና በጫማ ጠጋኝ መሀል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ናት። ግድግዳዋ ከላይ እስከ ታች በጥቅል ጨርቅ ስለተሞላ፣ ደንበኛ በገባ ቁጥር ወይ እሳቸው ወይ ደንበኛው ሆዱን ሰብሰብ ማድረግ ግድ ይለዋል። "ግቡ" የሚለው ቅጽል ግን ከሱቁ አልመጣም፤ የመጣው ከቤተ ክርስቲያኑ በር ነው። እሑድ ጠዋት እዚያ በር ላይ ቆመው፣ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው፣ "ግቡ፣ ግቡ፣ ቦታ አለ!" ሲሉ ድምፃቸው ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። አንዴ አውቶብስ ይጠብቅ የነበረ ሰው የተጠራ መስሎት ገብቶ፣ እስከ መጨረሻው ጸሎት ተቀምጦ ወጥቷል ይባላል። ሰውዬው ከዚያ ወዲያ ድርሽ አላለም፤ እትዬ ግቡ ታሪኩን ሲያወሩ ግን እዚህች ላይ ሳይደርሱ ያቆማሉ።

የቤተ ክርስቲያኑን አስተናጋጆች መምራት ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። አሠራራቸው የራሳቸው ነው። በሩ ላይ የሚያመነታ፣ ወይም የት ልቀመጥ ብሎ የሚቁለጨለጭ ሰው ካዩ እጁን ጥብቅ አድርገው ይይዙና የፊተኛው ረድፍ ላይ ወስደው ያስቀምጡታል። ማስታወቂያ ሲነበብ "እንግዶቻችን፣ እስቲ ብድግ በሉልን!" ይላሉ። እንግዳው ይነሳል፤ ከየት እንደመጣ ይናገራል፤ አዳራሹ ያጨበጭባል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ስም የተጻፈበት ሰማያዊ ኩባያ ይሰጠዋል። ይህን ሥርዓት ያመጡት እሳቸው ናቸው፤ ሌላ ሰው ነገሩን ባነሳ ቁጥርም ሳል ብለው ያስታውሳሉ። ከኋላቸው የኩባያውን ካርቶን ታቅፎ የሚቆመው ሹፌሩ ነው፤ በሥራ ቀን ለመደብሮችና ለሆስፒታሎች ዕቃ የሚያደርስ፣ ትከሻው የሰፋ፣ ቃል የሚቆጥብ ጎልማሳ።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት ፓስተሩ ሱቁ መጣ። በመዘምራኑ መሀል ቀጭን ጎረምሳ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ስለሚያውቁት አንተ ነው የሚሉት። የቀረበለትን በርጩማ ትቶ የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀመጠ፤ ከባድ ነገር ይዞ ሲመጣ ሁልጊዜ የማይመች ቦታ ይመርጣል።

"እትዬ፣ አዳራሹ አልበቃንም። ከሚመጣው ወር ጀምሮ ሁለት ጉባኤ ይኖረናል፤ የማለዳና የረፋድ።"

"እሰይ! ሁለቱም ላይ እቆማለሁ።"

"በየትኛው ጉልበትዎ?"

እትዬ ግቡ ቀኝ ጉልበታቸውን በቁጣ አዩት፤ ያሳበቀባቸው እሱ ይመስል። "ባሌ ነው አይደል የነገረህ? አፉ አያርፍ የሱ ነገር!"

"ሐኪሙ ብዙ አይቁሙ ብሏል። የረፋዱን በር የሚመራ ሌላ ሰው ያስፈልገናል። ከእርስዎ ቀጥሎ ማን አለ?"

"ሹፌሩ አለ።"

"ሹፌሩ ምን ይሠራል?"

"ካርቶን ይይዛል።"

"ስንት ዓመት ሆነው?"

"እንጃ… ስድስት፣ ሰባት።"

"ሰባት ዓመት ካርቶን?"

"ታዲያ አንድ ቀን ጥሎት አያውቅም እኮ!"

ፓስተሩ ሳቁን ዋጠ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሌላም ነገር አለ። እንግዶቹ ይነሳሉ፣ እናጨበጭባለን፣ ከዚያ የት እንደሚገቡ አናውቅም። አይመለሱም፣ እትዬ።"

"የዛሬ ሰው ትዕግሥት የለውማ!"

"ሊሆን ይችላል። ግን እስከ ወር መጨረሻ ሰው ካላገኘን ሽማግሌዎቹ የረፋዱን በር ለጥበቃው እንስጠው እያሉ ነው።"

"ለጥበቃው?" እትዬ ግቡ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። "መታወቂያ አምጡ ሊላቸው? ቦርሳ ሊፈትሽ?"

"ስለዚህ ሰው ያግኙልን" ብሎ ፓስተሩ ተነሳ። የሱሪው መቀመጫ በነጭ ክር ተሞልቶ ነበር፤ እሳቸውም ተናደው ስለነበር አልነገሩትም።

ሳምንቱን ሙሉ መጋረጃ እየሰፉ ሰው መረጡ። አንዷ ሳቋ የተለካ ነው። አንዱ ሲጨብጥ እጁ የሞተ ዓሣ ይመስላል። ሦስተኛዋ ደግ ናት፤ ግን ወሬ ከጀመረች ጉባኤው በሩ ላይ ያልቃል። ሹፌሩን በአፋቸው ቢጠሩትም ለበሩ ከቶ አላሰቡትም፤ የበሩን እጀታ ወይም መጥረጊያውን ማን ያስበዋል?

ከዚያ እሑድ ደረሰ። ጥግ ይዛ የገባች፣ ግራጫ ሹራብ የለበሰች፣ ዐይኗን መሬት ላይ የጣለች ሴት አዩና እንደ ልማዳቸው እጇን ለቀም አደረጉ። ሴትየዋ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ እሳቸው ግን "ግቢ እህቴ፣ ግቢ፣ አትፈሪ" እያሉ ፊት ወሰዷት። በማስታወቂያው ሰዓት አስነሷት። ከየት እንደመጣች ሲጠይቋት "ከዚሁ ከሰፈር" አለች። አዳራሹ አጨበጨበ። ሹፌሩ ኩባያውን አቀበለ፤ እትዬ ግቡም በሁለት እጃቸው ሰጧት።

ሴትየዋ ጎንበስ ብላ በጆሯቸው፣ ማንም እንዳይሰማ አድርጋ፣ "ይሄ ሦስተኛዬ ነው" አለች።

"ሦስተኛ ምንሽ?"

"ኩባያዬ። ሁለት ዓመት ሆነኝ እዚህ ስመጣ። ግን ግድ የለም፤ አንድ ከጨመሩልኝ ለእንግዳ ይበቃኛል።"

ይህን ብላ ፈገግ አለች። ፈገግታዋ ክፋት ቢኖረው ይሻላቸው ነበር። እትዬ ግቡ ፊታቸው ፍም መሰለ፤ ከኋላቸው ሹፌሩ ካርቶኑን ትኩር ብሎ ሲመረምር ቆየ።

ማታ ለባላቸው ሲነግሯቸው፣ ሰዓት ሠሪው ባላቸው ማጉያ መነጽሩ ከዐይናቸው ተፈናጥሮ እስኪወድቅ ሳቁ።

"ምን ያስገለፍጥሃል? ሁለት ዓመት በአፍንጫዬ ሥር ስታልፍ!"

"እኔ እንኳን ባንቺ አልስቅም። በሷ ነው። ሦስት ጊዜ ተነሺ ስትባል መነሳቷ! እኔ አንዴም አልነሳልሽ።"

"አንተ ተነሥተህ ታውቃለህ?"

"ስላልያዝሽኝ ነው" አሉና መነጽራቸውን ከጠረጴዛው ሥር መፈለግ ጀመሩ።

በሚቀጥለው እሑድ የሴትየዋ ቦታ፣ ከግራ በኩል ዓምዱ አጠገብ ያለው ወንበር፣ ባዶ ነበር። እትዬ ግቡ ስብከቱ በአንድ ጆሯቸው ገብቶ በሌላው ወጣ። ያለማንም ጉትጎታ ሁለት ዓመት የተመላለሰችን ሰው በገዛ እጃቸው ጨብጠው አባረሯት ማለት ነው። ሲወጡ ሹፌሩን ያዙት።

"ያቺ ባለ ኩባያዋ የት ነው የምትሠራው? ታውቃለህ?"

"ሆስፒታሉ፣ ካርድ ክፍል ናት።"

እንዴት እንዳወቀ አልጠየቁትም፤ ሐሳባቸው ሁሉ ካርድ ክፍሉ ጋ ነበር።

ሰኞ ዕለት ሱቁን ዘግተው ሄዱ። ካርድ ክፍሉ ጠባብ መስኮት ያለው፣ ከኋላው እስከ ጣራ ድረስ የታካሚ ማኅደር የተደረደረበት ነው። ሰልፉ ረጅም ስለነበር እትዬ ግቡ በዚያ ጉልበታቸው ቆመው ተራቸውን ጠበቁ። መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ሴትየዋ ቀና ሳትል "ካርድ አለዎት?" አለች።

"የለኝም። ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።"

ቀና አለች። "እትዬ! የይቅርታ ካርድ እንኳን እዚህ አናወጣም" አለች እየሳቀች። "ቆይ፣ እዚያ አግዳሚ ላይ ይረፉ። የምሳ ሰዓቴ ደርሷል።"

አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እትዬ ግቡ ምራቃቸውን ዋጡና "ተቀይመሽ ነው የቀረሽው?" አሉ።

"ኧረ! የእሑድ ተረኛ ሆኜ ነው።"

ሌሊቱን ሲገላበጡ ያደሩት ለተረኛ ሠራተኛ መሆኑ ትንሽ አሳፈራቸው፤ ከእፍረቱ ይልቅ ግን ደረታቸው ላይ የተቀመጠው ድንጋይ መውረዱ በለጠባቸው። "ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? በመጀመሪያው ላይ እንኳ ይሁን፤ ሁለተኛው ላይ ለምን ተነሳሽ?"

"ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ምን ላድርግ? አይደለሁም ብል እርስዎን ማሳፈር ሆነብኝ። ደግሞም እውነቱን ልንገርዎት? መነሳቱን አልወደውም፤ ከመነሳቱ በፊት ግን እጄን የሚይዘኝ ሰው አለ። በሁለት ዓመት ውስጥ እዚያ አዳራሽ ሰው እጄን የያዘኝ እነዚያን ቀናት ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ቀንማ ትችሉበታላችሁ፣ እትዬ። የሚቀጥለው እሑድ ላይ ነው ማንም የሌለው። እንግዳ አይደለሁም፤ የቤት ሰውም አይደለሁም።"

እትዬ ግቡ እጇን ያዙ፤ ወዴትም ግን አልጎተቷትም። ለእሳቸው ይህ ብርቅ ነገር ነው። በመጨረሻ፣ "እንግዲያው የረፋዱን በር አንቺ ምሪልኝ" አሉ።

"እኔ? ከመስኮት ጀርባ ካልሆንኩ ሰው ማናገር ያስፈራኛል። እኔን ከሚለምኑ ያንን ከኋላዎ የሚቆመውን ለምን አይጠይቁትም?"

"ሹፌሩን?"

"ሦስቴም ኩባያውን ያቀበለዎት እሱ ነው። ሁለተኛው ላይ በዐይኑ 'ደግሞ?' አለኝ። ሦስተኛው ላይማ ሳቅ አፍኖት ፊቱን አዞረ። ዕቃ ይዞ እዚህ ሲመጣ 'እንዴት ነሽ፣ እሑድ አልቀረሽም አይደል?' ይለኛል። ከቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች መምጣት መቅረቴን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።"

ማታውኑ ሹፌሩን ሱቅ አስጠሩት። ገብቶ እንደ ልማዱ በሩ አጠገብ ቆመ።

"ያቺ ልጅ እንግዳ እንዳልሆነች ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ አፍ የለህም?"

ሹፌሩ ኮፍያውን አውልቆ አገላበጠው። "እትዬ፣ እርስዎን ማን አቋርጦ ያውቃል?"

እንደ ስድብ አላለውም፤ ዛሬ ውጭው ይበርዳል በሚባልበት ድምፅ ነው ያለው። እትዬ ግቡ ሊቆጡ ትንፋሻቸውን ሳቡና በቁማቸው ተውት። ሰባት ዓመት ሙሉ ከጀርባቸው የቆመ ሰው ምን እንደሚያይ አንድ ቀን ጠይቀውት እንደማያውቁ ያኔ ገባቸው። በርጩማውን ሳቡለት።

"ተቀመጥ። የረፋዱ በር ላንተ ቢሰጥ ምን ታደርጋለህ?"

"ሽማግሌዎቹ ይምከሩበት እንጂ እኔ…"

"አንተን ነው የጠየቅኩት!"

ተቀመጠ። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ "አንድ ነገር ብቻ አላደርግም" አለ። "ሰው አላስነሳም።"

የልብስ ስፌት መርፌ ጣታቸውን ቢወጋቸው የዚያን ያህል ባልደነገጡ ነበር። "መነሳቱን? መነሳቱን እኮ እኔ ነኝ ያመጣሁት።"

"አውቃለሁ። ለዚህ ነው እስከዛሬ ያልተናገርኩት። ኩባያውን በር ላይ እሰጣለሁ፣ የሚፈልግ ይወስዳል። እንግዳው በሚቀጥለው ሳምንት ሲመለስ ደግሞ አንድ ሰው አጠገቡ እንዲቀመጥ አደርጋለሁ። የካርድ ክፍሏ እሺ ትላለች፤ መቀመጥ አያስፈራትም።"

እትዬ ግቡ ረጅም ጊዜ ጨርቅ አጣጠፉ። የተጣጠፈውንም ፈትተው እንደገና አጣጠፉት። "ጥበቃው ከሚይዘው ይሻላል" አሉ በመጨረሻ፤ ሹፌሩም ይህ በእሳቸው አፍ ምርቃት መሆኑን አውቆ ሳቀ።

የረፋዱ ጉባኤ በተጀመረበት ዕለት እትዬ ግቡ የማለዳውን በር ከጨረሱ በኋላ ወደ ቤት አልሄዱም። መሀል ረድፍ ላይ እንደ ማንኛውም ሰው ተቀመጡና በሩን በጎን ዐይናቸው ይጠብቁ ጀመር። አንዲት እናት ከሴት ልጇ ጋር በሩ ላይ ስታመነታ አዩ። እጃቸው ብቻውን ተንቀሳቀሰ፤ ቦርሳቸውን አስያዙት። ሹፌሩ ዝቅ ብሎ ለልጅቷ አንድ ነገር ነገራት፤ ልጅቷ ሳቀች፤ እናትየዋ ከኋላ የፈለገችው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ማስታወቂያው ተነበበ። ማንም አልተነሳም፣ ማንም አላጨበጨበም። እትዬ ግቡ ከንፈራቸውን ነከሱ።

በሚቀጥለው እሑድ እናትና ልጅ ተመልሰው መጡ። የካርድ ክፍሏ ሴት ከዓምዱ አጠገብ ተነሥታ፣ መጽሐፍ ቅዱሷን ይዛ፣ አጠገባቸው ሄደች። ምን እንደተባባሉ አልተሰማም። ስብከቱ ሲያልቅ ግን ሦስቱም አልወጡም፤ ልጅቷ የካርድ ክፍሏን ሹራብ ቁልፍ ስትፈታና ስትቆልፍ፣ ሁለቱ ሴቶች ወሬ ይዘው ነበር። በሩ ላይ ሹፌሩ ሰው መሸኘቱን ከእሱ ለባሰ አንድ ዝምተኛ ወጣት አስረክቦ፣ ራሱ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ቆሞ ያየው ነበር። ወጣቱ ሲንተባተብ አላቋረጠውም።

ይህን ካዩ በኋላ እትዬ ግቡ ሳምንቱን ሙሉ ማንንም ሳያቋርጡ ሰነበቱ፤ ባላቸውም "ታመሽ እንዴ?" ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቋቸው።

በሦስተኛው እሑድ፣ በማለዳው ጉባኤ፣ ፓስተሩ ማስታወቂያውን አንብቦ ጨረሰና እንደ ልማዱ ወደ እሳቸው ዞረ። አዳራሹም ዞረ። ጥቂቶች ለጭብጨባ እጃቸውን አዘጋጅተው ነበር። እትዬ ግቡ ባሉበት ቆመው ራሳቸውን በአሉታ ነቀነቁ። ፓስተሩ ያልተረዳ መስሎ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ፊቱ በራ፤ ወደ ጸሎቱ አለፈ።

እሳቸው ደግሞ በጎን መተላለፊያው እያነከሱ ወደ ኋላ ሄዱ። ባለፈው ሳምንት ያስነሡት አንድ ሰው ነበር፤ ዛሬ መጥቶ መስኮቱ ሥር ብቻውን ተቀምጧል። መልኩን አውቀውታል፤ ያን ዕለት ስለ ራሱ የተናገረው ግን በጭብጨባው መሀል ጠፍቶባቸዋል። አጠገቡ ቁጭ አሉ። ወንበሩ ዝቅ ያለ ነበርና ጉልበታቸው ጮኸ።

"እርስዎ እትዬ ግቡ ነዎት" አለ ሰውዬው ጠጋ እያለላቸው።

"አንተስ? ባለፈው ጠይቄህ መልሱን አልሰማሁህም።"

ሰውዬው መስታወት ቆራጭ መሆኑን፣ በቅርብ ወደ ሰፈሩ መዛወሩን፣ ሚስቱ ገና በቀድሞው ቤት ዕቃ እየሸከፈች መሆኗን ነገራቸው። ለአዲሱ ቤት መጋረጃ እንደሌላቸው ሲነግራቸው እትዬ ግቡ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ዘጉት። መጋረጃው ይደርሳል። እሱ ገና ስለ ሚስቱ መናገር አልጨረሰም፤ መዝሙር ተጀምሮ ሰው ሁሉ ሲነሳም ሁለቱ እዚያው እንደተቀመጡ ነበሩ።