የጨው መስኮት

ተማሪዎቹ «ሠዓሊዋ» ይሏታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሷ ይህን ስሟን የሰማችው ከሁሉም መጨረሻ፣ ያውም ከጽዳት ሠራተኛዋ ነው። «እትዬ፣ ሥዕልም ያስተምራሉ እንዴ? ልጆቹ ሠዓሊዋ ሲሉዎት እሰማለሁ» አለቻት።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምታስተምረው ኬሚስትሪ ነው። ልጆቹም ግን አልዋሹም። በየዓመቱ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ፊት ትቆምና ሰሌዳው ላይ ትልቅ ሳጥን ትስላለች፤ በግራ የብርሃን ምንጭ፣ በመሃል ናሙና፣ በቀኝ ደግሞ እንደ ተራራና ገደል የሚወጣ የሚወርድ መስመር። «ይኼ ኢንፍራሬድ ስፔክትሮሜትር ይባላል» ትላለች። «ዓይናችን የማያየውን ብርሃን በፈሳሹ ውስጥ ያሳልፋል። የትኛውን ብርሃን እንደዋጠ አይተን ምን ፈሳሽ እንደሆነ እናውቃለን።» ተማሪዎቹ ሳጥኑን ይገለብጣሉ፣ ይሸመድዳሉ፣ ይመረቃሉ።

አንድ ቀን የቀድሞ ተማሪዋን አውቶቡስ ውስጥ አገኘችው። ቀለም ፋብሪካ ላቦራቶሪ ተቀጥሮ ነበር፤ አሁን ወደ ማሸጊያ ክፍል አዛውረውታል። «እውነተኛው ማሽን ፊት አቁመው ጀምር አሉኝ» አላት እየሳቀ። «ምን ላድርግ ቲቸር፣ የእርስዎ ሥዕል ማብሪያ አልነበረውም።» አብራው ሳቀች። መውረጃዋ አልፎ ሁለት ፌርማታ ከሄደች በኋላ ነው የነቃችው።

ከዚያ ወዲህ የግዢ ክፍሉን በር አልለቀቀችም። የግዢ ኃላፊው ጥያቄዋን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ፣ «እስከ ዛሬ ያለዚህ ማሽን እንዴት ስታስተምሩ ነበር?» አላት።

«በሥዕል።»

«ታዲያ ሥዕሉ ምን አነሰው?»

«አንተ መኪና መንዳት የተማርከው በሥዕል ነው?»

ሰውየው ሳቀ። ሳቀ እንጂ አልፈረመም። እሷም መመላለሷን አልተወችም። በመጨረሻ ጸሐፊዋ «መምህርቷ መጣች» ማለቷን ትታ «ያቺ ማሽን መጣች» ማለት ጀመረች፤ ሰውየውም ከዚህችኛዋ ለመገላገል ሲል ያኛውን ገዛ።

ማሽኑ በእንጨት ሳጥን ታሽጎ ሲገባ ግቢው በሙሉ ወጥቶ አየ። ኃላፊዎቹ አጠገቡ ፎቶ ተነሱ፤ አንዱማ እጁን እንደ አብሮ አደጉ ጣል አድርጎበት ነበር። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ተቆለፈ፣ ቁልፉም ጋሼ ኪስ ገባ። ጋሼ የሚሏቸው የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ ነው፤ እሷንም ያስተማሩ፣ ጡረታቸው የደረሰ ደግ ሰው ናቸው። ማሽኑን አቧራ እንዳይነካው ብለው ባለቤታቸው የሰፉለትን ባለ አበባ ጨርቅ አለበሱት። ላም አለኝ በሰማይ ሆነ ነገሩ። እሷ እዚህ ሰሌዳ ላይ ሳጥን ትስላለች፣ እውነተኛው ሳጥን ከግድግዳው ወዲያ አበባ ለብሶ ተቀምጧል።

ወራት ታገሠች፤ ጊዜ ግን አይመለስም። ቢሯቸው ገባች።

«ጋሼ፣ ልጆቹ ሊመረቁ ነው። ቁልፉን ይስጡኝ።»

«አንቺ ልጅ፣ ከመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ እጅ እኮ ብልቃጥ እንኳ አይተርፍም። ለምርምር የሚሆን ሰው እስኪመጣ ይቀመጥ።»

«ማን ነው የሚመጣው?»

ጋሼ ወደ ውጭ አዩ። «ይመጣላ።»

«ጋሼ፣ ነገሩን ከሥሩ ይንገሩኝ።»

ነገሯት። ማሽኑን ፈርመው የተረከቡት እሳቸው ናቸው። በዚያ ግቢ ዕቃ የሚጠየቀው ከፈረመው ሰው ነው፤ ከተበላሸ ከደመወዙ ይቆረጣል፣ ጡረታ የሚወጣ ደግሞ የፈረመበትን ሁሉ ደህና አድርጎ ካላስረከበ ክሊራንስ አያገኝም። «ዕድሜ ልኬን ጠመኔ በልቼ ሳበቃ» አሉ፣ «አንድ ሕፃን የማይነካ ነገር ነክቶ፣ ጡረታዬን ለማሽን ስከፍል ልሙት?» ውድ ዕቃ ሁሉ እንደ ሙሽራ ተሸፋፍኖ የሚያረጀው በክፋት አልነበረም። በፊርማ ነው።

«እንግዲያው ወደ እኔ ይዙር» አለች። «እኔ ልፈርም።»

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «ደመወዝሽን ታውቂዋለሽ አይደል?»

«በየወሩ ለአጭር ጊዜ እንገናኛለን።»

ማታ እናቷ ወሬውን ሰምተው አላስቀምጥ አሏት። «ለወንድምሽ ብድር ዋስ ሁኚ ብዬ ስለምንሽ እጄን አላስገባም ያልሽ ሴት፣ ለብረት ፈረምሽ?»

«ወንድሜን አውቀዋለኋ፣ እማዬ። ብረቱን ገና አላወቅኩትም።»

እናቷ ሳቃቸውን ለመዋጥ ፊታቸውን አዞሩ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ። ኋላ መጥተሽ እንዳታለቅሺብኝ።»

«አላለቅስም» አለች። እንቅልፍ ግን ቶሎ አልወሰዳትም።

የመጀመሪያው ቡድን ገባ። ማሽኑ አበባውን አወለቀ። ያ የማይታይ ብርሃን በተራ መስታወት ስለማያልፍ፣ ፈሳሹ የሚጨመቀው በሁለት ክብ መስኮቶች መሃል ነው፤ መስኮቶቹም ከጨው የተሠሩ ናቸው፣ ምግብ ላይ ከሚነሰነሰው ጨው፣ ግን እንደ መስታወት ጥርት ያሉ። ይህን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ጽፋዋለች። የዘንድሮዎቹም ፈተና ላይ አንድም የሳተው አልነበረም።

መጀመሪያ የቀረበችው ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣው ልጅ ናት፤ ጓደኞቿም «አንደኛ» ነው የሚሏት። ጠብታዋን አኖረች፣ መስኮቶቹን ገጠመች፣ ማሽኑ ውስጥ አስገብታ ማስጀመሪያውን ተጫነች። ተራራና ገደሉ ስክሪኑ ላይ እየተሳበ ወጣ። ከኋላ አንዱ «የሠዓሊዋ ሥዕል» ሲል ሌላው በክርኑ ወጋው። መምህርቷ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች፤ ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ነው።

አንደኛ ደግሞ በሥርዓት ያደገች ልጅ ናት። ለተረኛው ንጹሕ አድርጋ ለማስረከብ መስኮቶቹን ይዛ ቧንቧ ስር ሄደች። ውሃው ሲነካቸው አንዱ እንደተመጠጠ ከረሜላ ሳሳ፣ ከጣቷ አምልጦ ፍሳሹ ውስጥ ገባ። ሌላው ጉም ለበሰ።

ጋሼ በሩ ላይ ነበሩ።

«ቲቸር» አለች ልጅቷ፣ «ጨው መሆኑን አውቃለሁ። ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ።»

«ጽፈሻል። ሙሉ ነጥብም ሰጥቼሻለሁ። ጨው ውሃ ሲነካው ምን ይሆናል?»

«ይሟሟል።»

«መቼ አወቅሽ?»

ልጅቷ እርጥብ ጣቶቿን አየች። «አሁን።»

ጋሼ ወደ መምህርቷ ጠጋ ብለው በዝግታ፣ «ልጄ፣ ማሽኑ ደህና ነው። ቁልፉን መልሺልኝና ፊርማሽን ላውርድልሽ። ሳይብስ» አሉ። ሲናገሩ ከልባቸው ነበር። የእናቷ ፊት መጣባት፣ ደመወዟም መጣባት። ቀሪዎቹ ልጆች ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሸሽተዋል፤ ቁልፉን ብትሰጥ ማንም ሳይናገራቸው ይወጡ ነበር።

«አይ፣ ጋሼ። አሥራ አንድ ዓመት ጨው ነው እያልኩ ሰሌዳ አቆሸሽኩ። የሰሙኝ መስሎኝ ነበር።» ወደ ልጆቹ ዞረች። «የት ትሄዳላችሁ? ቁጭ በሉ።»

ለስላሳ ጨርቅ ዘረጋች፣ አልኮል ጠብ አደረገችበት፣ ደቃቅ የመወልወያ ዱቄት ነሰነሰችና ጉም የለበሰውን መስኮት አንደኛ እጅ ላይ አኖረችው። «አዙሪው። ሳትጫኚ።» ልጅቷ ቀስ ብላ አዞረችው። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተቀበሏት። ምሳ ሰዓት ሲደርስ መስኮቱ ሳሳ ብሎ፣ ግን ጠርቶ ወጣ። ከማሽኑ ጋር ከመጣው ሳጥን ትርፍ መስኮት አውጥታ አጋጠመችውና «ቀጣይ» አለች።

ከሰዓት በኋላ ጋሼን አስከትላ ዕቃ ግምጃ ቤት ወረደች። የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ እስክሪብቶውን አዘጋጀ። «ምን ብዬ ልጻፍ? ተሰበረ፣ ጠፋ ወይስ ተሰረቀ?»

«አለቀ በል።»

«የማሽን አካል ያልቃል እንዴ?»

«መታጠቢያ ቤት ያለው ሳሙና ሲያልቅ ማንን ትጠይቃለህ?»

«ሳሙና እኮ አላቂ ዕቃ ነው፤ ማንም አይጠየቅበትም።»

«ጨው ከሳሙና በምን ይበልጣል?»

ሠራተኛው ወደ ጋሼ አየ። «መስኮቶቹን ከቋሚ ንብረት አውጥቼ አላቂ ውስጥ እንዳስገባ ከፈለጋችሁ፣ ኃላፊው መፈረም አለባቸው።»

ፊርማ የሚለው ቃል ጋሼን እንደ መርፌ ወጋቸው። እስክሪብቶውን ተቀበሉ። «እኔ» አሉ ለማንም ሳይሆን፣ «ይህን መስኮት በእጄ ይዤ አላውቅም።» ከዚያ ፈረሙ። ፊርማው ትንሽ ተንሻፏል።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሁለተኛው ቡድን ሲገባ አንደኛ ማንም ሳይጠራት መጥታ ቧንቧው ፊት ቆማ ነበር። አንዱ ልጅ መስኮቶቹን ይዞ ደፋ ቀና እያለ መጣ።

«ወዴት?»

«ላጥባቸው።»

«በአልኮል ነው የሚታጠቡት» አለች ሳትንቀሳቀስ። «ዙር።»