የወንድሜን መርዶ ማን ይንገር

ከመንደራችን የወጣን ለት፣ አመሻሹ ላይ፣ እናታችን የወንድሜን የጌጡን እጅ ይዛ አለቅም አለች። ጎረቤቱ ሁሉ አህያውን ጭኖ፣ መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ኢየሩሳሌም ብሎ ተነሥቷል። እሷ ግን ከአልጋ የማይነሣ አባት ነበራት፣ እሱን ጥላ የት ትሂድ?

«አባቴን ልቅበርና እመጣለሁ። ግን አንተ ራስህ መጥተህ እጄን ካልያዝከኝ ከማንም ጋር አልሄድም» አለችው።

«እመጣለሁ እማዬ» አላት፣ ገና ጢም ያላቀመቀመው ወንድሜ።

ሄድን። ከወገናችን ከእሷና ከአባቷ በቀር አንድ ሰው አልቀረም። ያን ጊዜ ይህ ደስታ ነበር፤ ሁሉም ወጣ፣ ማንም ለማንም አያለቅስም ብለን።

ኢየሩሳሌም ብለን ወጥተን የሰፈርንባት ከተማ አፉላ፣ እናንተ አገር ቤት ያላችሁ፣ ሜዳ ናት። አፈሯ ጥቁር ዋልካ ነው፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው ደምብያን ደምብያን፣ አገራችንን ይሸታል። በጋው ግን ሌላ ነው፤ ምድጃ ውስጥ ገብቶ መዋል በሉት። ሰዉም በቆመበት በተቀመጠበት ጋርዒኒም የሚሉትን የፈረንጅ ሱፍ እየፈለፈለ ገለባውን እንትፍ ይላል፣ በእንግዳ ፊት ሳይቀር። እኛ ሱፉን ወቅጠን በጥብጠን ስንጠጣ ያደግን ሰዎች መጀመሪያ የሰደቡን መስሎን ነበር።

ጌጡ በኢንዱስትሪ ቀጠናው ፋብሪካ ገባ፣ ቆይቶ ሾፌር ሆነ፣ አንድ ሚኒባስ ገዛ። ሚኒባሱ ሌላ ሚኒባስ ወለደ፣ የፈረቃ ሠራተኛ የሚያመላልስ ድርጅት ሆነ። ታዲያ አንድ ቀን መጣና፣

«እታለም፣ ቡድን ገዛሁ» አለኝ።

«የምን ቡድን?»

«የኳስ።»

«ከነሰዎቹ?»

«ከነሰዎቹ።»

«ታዲያ ምን ልታበላቸው ነው?» ብዬ ጮህኩ። ሳቁ እንባ በእንባ አደረገው።

ከአፉላ ወጣ ብሎ ያለ የትንሽ ከተማ ቡድን ነው፣ ተጫዋቾቹ ደመወዝተኞች ናቸው። ስሙን አልጽፍም፣ እጄ እምቢ ይለኛል። የመጀመሪያው ጨዋታ ለት አዲስ ሱፍ ልብስ ለብሶ፣ እኔን አስከትሎ በዋናው በር ቢመጣ በረኛው እጁን ዘረጋ።

«ጽዳት በኋላ በር ነው፣ አሒ» አለው፤ ወንድሜ ማለቱ ነው።

«የጽዳት ሠራተኛ አይደለሁም። የቡድኑ ባለቤት ነኝ።»

«እኔ ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነኝ።»

«እንግዲያው ክቡር ጠቅላይ ሚኒስትር፣ በሩን ክፈትልኝ» አለው ጌጡ። ሰዉ ሳቀ፣ እሱም ሳቀ። እኔ ግን አንገቱ ላይ ደም ሥሩ ሲገተር አይቻለሁ።

ሲያሸንፉ በትከሻቸው ተሸከሙት። ሲሸነፉ «ወደ ሚኒባስህ!» እያሉ ዘፈኑበት፤ የሱፉን ገለባ ከላይ አራገፉበት። ኮቱን እኔ ነበርኩ የማራግፍለት። «ይወዱኛል እኮ፣ ስለተናደዱ ነው» ይለኝ ነበር።

አያታችን ከተቀበሩ ቆይተዋል። እናታችን በስልክ «መቼ ነው የምትመጣው?» ስትለው መልሱ አንድ ነው፦ «ውድድሩ ሲያልቅ እማዬ።» ውድድሩ ሲያልቅ የተጫዋች ግዢ ይመጣል፣ ከዚያ ልምምድ፣ ከዚያ ደግሞ ውድድር። እሷ ኳስ ምን እንደሆነ አታውቅም። ልጄ ብዙ ልጆች ያሳድጋል፣ ጥሎ ለመምጣት ተቸገረ ብላ ለጎረቤት ታወራለች።

ቡድኑ ከዲቪዚዮኑ የወረደ ለት ጌጡ ከወንበሩ አልተነሣም። ተመልካቹ ሲወጣ ባጠገቡ እያለፈ ሰደበው። አንዱማ ትከሻውን ገፋ አድርጎ «ተነሥ፣ ሽጥልንና ሂድ!» አለው። ወንድሜ ወደ ጎን ዘመም አለ። ሞቶ ነበር። ሲሰድቡት የነበረው ሬሳውን ነው።

እኔ እንደ አገሬ ደረቴን እየደቃሁ ጮህኩ። አንድ ዘበኛ ሮጦ መጣ። «ግቬሬት፣ እመቤት፣ እንዲህ አትሁኚ» አለኝ፣ «ለከርሞ ወደ ዲቪዚዮኑ እናድጋለን።»

በሐዘን ቤቱም የደጋፊዎቹ አለቃ መጥቶ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብሎ ቡድኑን ማን እንደሚሸጥ ጠየቀኝ። ኳስ ሜዳው ላይ የሕሊና ጸሎት አደረጉለት ሲባል ሰማሁ። ሳያልቅ አፏጩ።

ይሄን ሁሉ እችለዋለሁ። የማልችለው የእናቴን ነገር ነው። አብረውን የወጡትን ያገራችንን ሽማግሌ አያ ወርቁን «በስልክ ልንገራት?» ብላቸው ተቆጡ።

«ሰው ነሽ አንቺ? መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ግራ ቀኝ ደግፎ ነው የሚነገር!»

«ማን ይሰብሰብላት አያ ወርቁ? እዚያ ማን አለ?»

ሽማግሌው ቤቱን ሞልቶ የተቀመጠውን ለቀስተኛ አዩት። አቀረቀሩ። እዚያ የነበርነው በሙሉ እዚህ ነን። አሁን መንደሩ ውስጥ ያሉት ከኛ በኋላ የሰፈሩ ናቸው። ደጎች ናቸው፣ ውኃ ይቀዱላታል፣ ጌጡን ግን አያውቁትም። ምን ብለው ያልቅሱላት?

«አብሮኝ የሚሄድ አለ?» አልኩ። ሁሉም ይገባል፣ ይገባል አለ። ከዚያ አንዱን ጉልበቱ አመመው፣ አንዷን አሠሪዋ ፈቃድ አይሰጣትም፣ አንዱ ልጁ ከጦር ሠራዊት እረፍት ይመጣበታል። አያ ወርቁ ሊሄዱ ፈልገው ሐኪም ከለከላቸው። ብቻዬን ልሄድ ቆረጥኩና ትናንት ደወልኩላት።

«እማዬ፣ ልመጣልሽ ነው።»

«እሰይ! ከጌጡ ጋር?»

«እሱ… ውድድር አለበት» አልኳት።

እዚያ ማዶ ዶሮዎቿ ብቻ ይሰማሉ።

«እንግዲያው ውድድሩ ይልቀቀው» አለችኝ ቀስ ብላ። «አንቺም ቆዪ። ብቻሽን እንዳትመጪ፣ ሰማሽኝ ልጄ? በማለዳ ብቻሽን ደጄ ቆመሽ እንዳላይሽ።»

«እሺ እማዬ» አልኳት።

ስልኩን መዝጋት አታውቅበትም፣ ጎረቤት ነው የሚዘጋላት። ጥሬ እየበተነች ዶሮዎቿን ስትጠራ እሰማታለሁ። እኔም አልዘጋሁም።