ገንዘቡ ሳይረክስ ደሞዙ ሲረክስ

ባለፈው ሚያዝያ ከሲያትል ወደ ዴንቨር የበረርኩት አንድ ጥያቄ ይዤ ነው፦ አቅሙ ደከም ያለ አገር ከጠንካሮች ጋር አንድ ገንዘብ ሲጋራ፣ ክፉ ቀን ሲመጣ በምን ይወጣዋል? ይህን በኑሯቸው የሚያውቁ ሴት ከዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ከተማ አሉ ተብዬ ነበር። ወይዘሮ ፀዳለ ይባላሉ። ግሪክ፣ አቴንስ ለረጅም ጊዜ ኖረዋል፤ አሁን ዴንቨር አየር ማረፊያ ዊልቸር ይገፋሉ።

ከአየር ማረፊያው በአሥር ዶላር ባቡር ተሳፈርኩ። በስተምሥራቅ ዛፍ የሌለው ሜዳ ነው፤ በስተምዕራብ ተራሮቹ በረዷቸው ገና አልሟሟም። ፒዮሪያ ጣቢያ ወርጄ በአውቶቡስ ኮልፋክስ ጎዳና ደረስኩ።

ረፋድ፣ ኮልፋክስ

ወይዘሮ ፀዳለ አንድ የሐበሻ ቁርስ ቤት ጠበቁኝ። ፉል አሥራ አራት ዶላር ነው።

«መጀመሪያ ብላ ወንድሜ፤ የተራበ ጋዜጠኛ ያገኘውን ነው የሚጽፈው» አሉኝ።

እየበላሁ ነገሩኝ። «የግሪኩ ገንዘብ ድራክማ በዩሮ ሲቀየር ደስ ብሎን ነበር። የዕዳው ቀውስ ሲመጣ ግን መንግሥት የዩሮን ዋጋ ብቻውን ማርከስ አይችልም። ስለዚህ የረከስነው እኛ ነን። አሠሪዬ ደሞዜን በግማሽ ቀነሰችው፤ የቤት ኪራዩ ያው ነው።»

«እዚህስ ሃምሳው ግዛት አንድ ዶላር አይደለም እንዴ የሚጋራው?»

«እዚህ ሥራ ያጣ ሰው መኪናውን አስነስቶ ዴንቨር ይመጣል። የቀረውም ጡረታው ከዋሽንግተን ይመጣለታል። ከአቴንስ ጀርመን ለመሄድ ግን መጀመሪያ ጀርመንኛ ተማር!»

ዲቪ ሲደርሳቸው ልጃቸው ሔርሜላ ዕድሜዋ ከሃያ አንድ ስላለፈ አቴንስ ቀረች። ትንሽ የልብስ ስፌት ሱቅ አላት፤ ከኪራዩ የጎደለውን እናቷ ይልካሉ። አሁን ግን እናቷ ያመለከቱላት የቪዛ ተራ ደርሷል። ሱቁን ሸጣ እንድትመጣ ወይዘሮ ፀዳለ አንድ ክፍል ቀለም አስቀብተው፣ አልጋ ገዝተው ይጠብቃሉ።

ስልካቸው ጮኸ። ሔርሜላ ናት፤ በቪዲዮ። አቴንስ እየመሸ ነው።

«እማ፣ ገዢው መጥቶ ነበር።»

«እሰይ! ስንት አለ?»

«አልሸጥኩለትም።»

ዳቦውን አስቀመጡት። «ምነው ልጄ? ገበያ የለም ስትዪኝ አልነበር?»

«የለማ። ግን ሰው አዲስ መግዛት ሲያቅተው አሮጌውን ይዞ ይመጣል። የጎረቤቶቼ ልጆች ሁሉ ሄደዋል። እኔም ከሄድኩ የሽማግሌዎቹን ሱሪ ማን ይጥፍላቸዋል?»

«የኔንስ?»

«የአንቺማ ዩኒፎርም ነው፤ ኩባንያው ይጥፍልሽ!»

ወይዘሮ ፀዳለ ሳቁ፤ ሳቁ እንባ አመጣባቸው። «እሺ፣ ኪራዩን እልካለሁ። ብቻ በጨለማ አትስፊ፤ ዓይንሽን!»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ «አልጋውን እኮ ገዝቼዋለሁ» አሉ። ሒሳብ ልክፈል ብል እጄን መቱኝ።

ሲያትል፣ ቤት

በጋራ ገንዘብ ውስጥ ደካማው ሦስት መውጫ አለው ይባላል፦ ደሞዝ መቀነስ፣ መሰደድ፣ ካለው እርዳታ ማግኘት። ሦስቱንም አንድ ቤተሰብ ውስጥ አየሁ። በረቂቄ ላይ ስደትን ቀላሉ መውጫ ብዬው ነበር፤ ሰረዝኩት። ሰው ሲሄድ ለቀሩት ምን እንደሚጎድልባቸው ሔርሜላ ከእኔ በፊት አስልታዋለች።

ሳምንት ሳይሞላ ወይዘሮ ፀዳለ ደወሉልኝ። ከሥራ ፈቃድ አግኝተው በሐምሌ ወደ አቴንስ ሊሄዱ ነው።

«እዚያ የማይገኝ ምን ልውሰድላት?»

«እርስዎን» አልኳቸው።

«አንተ ደግሞ!» አሉ፤ ስልኩን ግን ቶሎ አልዘጉትም።