የሽምብራው ሚዛን

አዋላጇ ለሥራ ስትወጣ ታናሽ ወንድሟ ደጃፍ ላይ፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ያበጠ እግሩን ያሻል። ጎማ ጠጋኝ ነበር። ኩላሊቱ ከከዳው ወዲህ ግን ጎማው መቀመጫ እንጂ እንጀራ አልሆነውም።

«ዛሬ ነው አይደል፣ እታለም?»

«ዛሬ ነው።»

«እንግዲህ የአውቶቡሱ ሹፌር ይዘን። ከእኔ የተሻለ ደንበኛ የለውም።»

እሱ ሳቀ፤ እሷ መሳቅ አቃታት። ለኩላሊት እጥበት ሩቅ ከተማ ይመላለሳል፤ ሲመለስ ደግፈው ነው የሚያወርዱት። በዚህ አያያዝ እንደማይዘልቅ ሁለቱም ያውቃሉ፣ አፍ አውጥተው ግን አይነጋገሩበትም። ሆስፒታሉ ዘንድሮ የሚያስገባው አንድ አዲስ መሣሪያ ብቻ ነው፤ ወይ የኩላሊት ማጠቢያ፣ ወይ መተንፈስ ላቃታቸው ጨቅላዎች ማገዣ። የትኛው እንደሚሆን ኮሚቴው ዛሬ ይወስናል። የጨቅላዎቹ ክፍል ኃላፊ ደግሞ እሷው ናት።

በስብሰባው ክፍል መስኮት ላይ ሽምብራ የያዙ አራት ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። የሰብሳቢዋ ሐኪም ዘዴ ነው። «ዕቃውን ሳናይ ሚዛኑን እናብጅ። ካየን በኋላማ ሁሉም የወደደውን ነው የሚያከብደው» ብላ፣ ከወራት በፊት፣ የመሣሪያዎቹ ስም ገና ሳይነሳ ለኮሚቴው አባላት እፍኝ እፍኝ ሽምብራ አድላ ነበር። አንዱ ብርጭቆ፣ ለስንት ሰው ይደርሳል? ሁለተኛው፣ ለደረሰለት ምን ያህል ይበጃል? ሦስተኛው፣ ሳይቆም ልናሠራው እንችላለን? አራተኛው፣ ሌላ መሄጃ ለሌለው ይደርሳል? ብዙ ፍሬ የገባበት ጥያቄ ብዙ ይመዝናል። ያን ቀን ሒሳብ ሹሙ አንዷን ፍሬ አፉ ውስጥ ወርውሮ «ድምፄን በላሁት» ብሎ አስቋቸዋል። አዋላጇ እፍኟን ሙሉ መጀመሪያው ብርጭቆ ውስጥ ገለበጠችው። ያኔ ወንድሟ ጤነኛ ነበር።

«ጉዳዩ የሚነካው ሰው አለ?» አለች ሰብሳቢዋ ዛሬ ስብሰባውን ስትከፍት።

አዋላጇ እጇን አነሳች። «ወንድሜ እጥበት ላይ ነው።»

«እንግዲያው ለመሣሪያዎቹ ነጥብ አትሰጪም፣ ሲስተር። ስለ ክፍልሽ ስንጠይቅሽ ግን ትመልሺያለሽ።»

ወንበሯን ወደ ግድግዳው ሳበች። የጨቅላዎቹ መሣሪያ ተነሳ፤ ነጥብ እየሰጡ ሦስተኛው ብርጭቆ ጋ ደረሱ።

«ይሄ ያለ ኦክስጅን አይሠራም። ክፍልሽ ውስጥ ኦክስጅኑ ይቋረጣል?» አለቻት ሰብሳቢዋ።

ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ሥራ በጀመረ ቁጥር በእሷ ክፍል ያለው ግፊት ይወርዳል። ይህን ከተናገረች የጨቅላዎቹ ነጥብ ወርዶ የወንድሟ ከፍ ይላል። ዝም ብትል የምትመሰገንበት፣ ብትናገር የምትታማበት እውነት ነው። ግን ያ መሣሪያ አፍንጫው ላይ እንዳለ አየር የሚያጥረው ልጅ ደግሞ ታያት።

«ይቋረጣል» አለች።

ሒሳብ ሹሙ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። «ወንድምሽስ ታድሏል፤ ጠበቃ እህት አለችው።»

ፊቷ ጋለ። «እኔን አትመኑኝ። ሄዳችሁ እዩ።»

ሄዱ። ብሎን የሚሉት የመሣሪያ ጠጋኝ ከፊት፣ እሷ ከሁሉም ኋላ። ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ሥራ ላይ ነበር፤ በጨቅላዎቹ ክፍል ግድግዳ ላይ ያለው የኦክስጅን ግፊት መለኪያ ቀስት እያዩት ወረደ።

«ቧንቧውን የጠገንኩት እኔው ነኝ» አለ ብሎን ራሱን እያከከ። «ጥገናዬ ቀን አይቶ ነው የሚሠራው።»

ተመልሰው ነጥቡን ቀነሱ፤ ሰብሳቢዋ ነጥቡን በየብርጭቆው ፍሬ ቁጥር ሰሌዳው ላይ አባዝታ ደመረች። የጨቅላዎቹ መሣሪያ በጥቂቱ በለጠ። መጀመሪያው ብርጭቆ ነው ደግፎ የያዘው።

«ቧንቧው አስቀድሞ ይቀየራል፤ እሱ ግዴታ ነው» አለች። «አሁን ውጤቱ መጽናቱን ለማየት እንነቅንቀው።» ከመጀመሪያው ብርጭቆ ቆንጠር አድርጋ አውጥታ እንደገና ደመረች። አልተገለበጠም። ጨመር አድርጋ አወጣች። አሁንም እንደዚያው። ከዚያ አንድ ሙሉ እፍኝ አወጣች፤ የኩላሊት ማጠቢያው በለጠ።

እፍኟን ዘርግታ ቆመች። ያን ብርጭቆ በአንድ እፍኝ የሞላችው ማን እንደሆነች ሁሉም ያስታውሳል።

ሒሳብ ሹሙ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ድምፁ አሁን ለስልሷል። «ዶክተር፣ ሲስተር ጉዳዩ ነክቷታል። የእሷ ፍሬ ይውጣ ብትል ደንቡ ይከለክላል?»

«ያን ቀን አልነካትም ነበር» አለች ሰብሳቢዋ። «ግን ራሷ ከጠየቀች አወጣዋለሁ።»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው፤ ያውም የተፈቀደ ቃል። አዋላጇ መዳፏን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

«ያን ስጨምር ወንድሜ ጎማ ይነፋ ነበር» አለች። «ከዛሬው እጄ የያኔው ይሻላል። መልሱት።»

ሽምብራው ብርጭቆው ውስጥ ሲንኳኳ ተሰማ።

ማታ ወንድሟ እዚያው ጎማው ላይ ጠበቃት።

«የሕፃናቱ ሆነ» አለችው ሳትቀመጥ።

እግሩን ማሸት ተወ። «ያንቺም ድምፅ አለበት?»

«አለበት። ሳትታመም የሰጠሁት።»

«ከታመምኩ በኋላ ቢሆንስ?»

«አላውቅም። ስለማላውቅ ነው ሳልነካው የተውኩት።»

ጎማው ላይ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀላት፤ ተቀመጠች። ትከሻዋ ትከሻው ላይ ሲያርፍ አጥንቱ ተሰማት።

«ነገ የእጥበት ተራዬ ነው» አለ። «በጠዋት ቀስቅሺኝ። ሹፌሩ ቢወደኝም አይጠብቀኝም።»

ተነስታ ሹራቡን ከገመድ ላይ አወረደች፤ አጥፋ የመንገድ ቦርሳው ውስጥ ከተተችለት።