ማተብና ራጅ

ጨረር ወደ እኛ አገር የመጣው በኔትወርክ ማማ ነው ይባላል። አይደለም። ጨረር ከእኛ በፊት እዚሁ ነበር፤ ከአፈሩም፣ ከድንጋዩም፣ ከሰማይም ይመጣል። ኢንጅባራ ከፍታ ላይ ስለሆነች ከሰማዩ የሚደርሳት ዝቅ ብላ ካለችው ከጫግኒ ይበልጣል። ትንሹ መጠን ይጎዳል ወይስ አይጎዳም በሚለው ላይ ግን ሊቃውንቱም አልተስማሙም። አንዱ «ጠብታዋም ትጎዳለች» ሲል፣ ሌላው «እሷስ ከቁም ነገር አትገባም» ይላል።

ይህን ሁሉ አዲስ ቅዳም ለምትኖረው ታላቅ እህቴ አስረዳኋት። እህቴ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ እያከሰለች የምትኖር ሴት ናት። ሳሉ አልለቃት ሲል ሐኪም ራጅ እንድትነሳ አዘዘላት፤ ጨረሩን ፈርታ እምቢ አለች።

«እታለም፣ የሚገድልሽ በየቀኑ የምትውጪው ጭስ ነው።»

«ጭሱንማ አውቀዋለሁ፤ ሲመጣ ያስለቅሰኛል። ያንተ ጨረር አይታይ፣ አይሸት። ሰይጣን ማለት ይኸው አይደል?»

«ሰይጣን ራጅ ማንሳት ከጀመረ ደህና ሥራ አግኝቷል።»

«ወይ ወንድምዓለም! አንተንስ መጽሐፍ አበላሸህ።»

በማግስቱ ስትስል ነጠላዋ ላይ ደም አየሁ። ከዚያ በኋላ ክርክሩን ትቼ እየጎተትኩ ሚኒባስ ላይ አሳፈርኳት፤ ኢንጅባራ ወረድን።

የራጅ ክፍሉ በር ላይ ባለሙያው «እማማ፣ ማተብዎን ያውልቁ፤ ብረት አለበት» አላት። እህቴ ነጠላዋን አጣፍታ መንገድ ጀመረች።

«አላልኩህም? ገና ሳልገባ ማተቤን ጠየቀኝ!»

ስለ አፈርና ስለ ሰማይ ያነበብኩት ሁሉ በዚያ በር ላይ ምንም የማይጠቅም ሆነ። ባለሙያው ተከትሎን ወጣ።

«ክሩን ማን ነካብዎ? መስቀሉ ብቻ ከደረትዎ ከፍ ይበልልኝ፤ ሳንባውን ይሸፍንብኛል።»

እህቴ ቆም ብላ አሰበች። ከዚያ ተመልሳ ገባችና መስቀሉን ወደ ላይ ስባ በጥርሷ ነከሰችው። ሳትከራከር ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሳንባዋ ላይ ጥላ ታየ፤ አክታዋ ሲመረመር ቲቢ ሆነ። አሁን መድኃኒቷን እየዋጠች ነው፣ ደሙም ቆሟል። «በሽታውን ያመጣብኝ ራጁ ነው» ማለቷን ግን አልተወችም፤ እኔም መልስ መስጠት ትቻለሁ።

እርስዎም ቤት ሳል ያልለቀቀው ሰው ካለ፣ ስለ ጨረር ከእኔ ጋር መከራከሩን ይተዉና ነገ ጠዋት ይዘውት ይሂዱ።