ላሞቹ ያለ አበባ የወረዱበት ዓመት

ቡርጊ ክፉ ሴት ናት ይሉ ነበር ብስክሌተኞቹ። እውነታቸውን ነው፤ መጀመሪያ ላይ ክፉ ነበረች። ሐይቃችንን የከበቡትን ሦስት መንደሮች በጠጠር መንገድ የሚያገናኝ የብስክሌት መስመር ይውጣ ሲባል፣ የእሷን የተራራ ግጦሽ ሳያቋርጥ መሄጃ አልነበረውም። እሷ እምቢ ካለች ብስክሌተኛው ግንድ የጫኑ መኪኖች ወደሚያስፈራሩበት አስፋልት መውረዱ ነው። እሷም እምቢ አለች። ከንቲባው ላቡን ጠብ እያደረገ ወጥቶ ቢለምናት፣ "ላሞቼን ጠባብ ሱሪ ለባሽ ሁሉ ያስበርግጋቸው?" ብላ አንድ ብርጭቆ አሬራ አጠጥታ መለሰችው።

ልቧን ያራራው ከንቲባው ሳይሆን በረዶ ነው። አንድ ቀን ከሰማይ የወረደው በረዶ አራት ብስክሌተኞችን አባሮ በረቷ ውስጥ አስገባቸው። እሷ ምጥ ከጠናባት ላም ጋር ስትታገል ደረሱ። አንደኛው ጓንቱን አውልቆ የጥጃውን እግር አብሯት ጎተተ። በማግስቱ ለከንቲባው ደወለችና፣ "ይለፉ፤ ግን ያለፈ ሁሉ በሩን ይዝጋ። ክፍት ሆኖ ያገኘሁት ዕለት አበቃ" አለች።

እኔ ቭሮኒ እባላለሁ፤ ሐይቁ ዳር የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። ከቡርጊ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነው ፊደል የቆጠርነው። ዳቦ የማደርስላት ሞተር ባለው ብስክሌት ስለሆነ፣ "እሱ ብስክሌት አይደለም፣ አህያ ነው" እያለች ስትሰድበኝ ኖራለች። እሷ ብስክሌት ላይ ወጥታ አታውቅም። በአሥራ ሰባት ዓመቷ አይብ ልትሠራ ወደ ተራራው ወጣች፤ የመንደሩን ላሞች የሚጠብቀውን ሩፐርትን አገባች፤ ከዚያ በኋላ በጋው ሁሉ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ከላሞቹ ጋር እዚያው ናት። ብስክሌተኞቹ በመስኮቷ ዳቦ በአይብ ይገዛሉ፣ ስድቡን በነጻ ይመረቃሉ። "አንተ ልጅ፣ ጎማህን ከማጠብህ በፊት አፍንጫህን ጥረግ!" ትላለች። እነሱም ለዚያ ስድብ ሲሉ ያን ሁሉ ዳገት ይወጣሉ፤ የእኔ አልጋዎችም ይሞላሉ።

ከሦስት ዓመት በፊት በነሐሴ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ምልክት ስላላት ኮከብ የምንላት የመንጋው መሪ ላም ገደል ገብታ ሞተች። የግጦሹን በር ከፍቶ የተወ ሰው ነበር፣ እሷም በዚያ ወጣች። ማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም፤ ብስክሌተኛ ነዋ! ሩፐርት በሩ ላይ ሰንሰለት አሠረ፣ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠለጠለ፣ የደረሰበትን ብስክሌተኛ ሁሉ በዱላ አሳደደ። እንግዶቼ በአስፋልቱ ዞረው ሲመጡ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር፤ አንዱን መኪና ሊጨፈልቀው ለጥቂት ነው የተረፈው። እኔም ደሜ ፈልቶ ወደ ተራራው ወጣሁ።

ቡርጊን አይብ ስታገላብጥ አገኘኋት።

"አንድ ባለጌ ላጠፋው ሁሉንም ልትቀጪ ነው?" አልኳት።

"በሩን ዝጊውና ተቀመጪ።"

"መቀመጥ አልፈልግም!"

"ቭሮኒ፣ ብስክሌተኞቹ አልከፈቱትም" አለች፣ ከአይቡ ላይ ዓይኗን ሳታነሣ። "ያን ዕለት ሩፐርትን ያገኘሁት ከበሩ ወዲያ፣ መንገድ ዳር ተቀምጦ ሊዝልን ሲጠራት ነው።"

"ሊዝልን? ያቺን ላም ከሸጣችኋት ስንት ዘመኗ!"

"ለእሱ አልተሸጠችም። ክንዱን ይዤ አስገባሁት፣ በሩንም ዘጋሁ። ኮከብ ግን ቀድማኝ ወጥታ ነበር። ሲመሽ ስለ ሊዝል ብጠይቀው፣ ስለ በሩ ብጠይቀው፣ ምንም አያውቅም።"

ተቀመጥኩ። ሩፐርት ስሞችን መርሳት እንደጀመረ ሰምቼ ነበር፤ በዚህ ዕድሜ ማን አይረሳም ብዬ ትቼው እንጂ።

"ይህ ከተሰማ ባለ ከብቶቹ መንጋውን ይነጥቁታል" አለች። "ልጃችን ከተማ ወስዳ አረጋውያን ቤት ታስገባዋለች። ሩፐርት ያለ ላም ምን ይሆናል? አንድ ዓመት አይቆይልኝም።"

"ታዲያ አይጥ በበላ ዳዋ ሲመታ ዝም ልበል?"

"ላሞቹ ከተራራው እስኪወርዱ ድረስ ሆድ ይፍጀው። ለምኜሽ አላውቅም፣ ዛሬ ለመንኩሽ።"

ሆድ ፈጀው። ዛሬ የምናገረው እሱ ስላረፈ፣ እሷም ስለፈቀደችልኝ ነው። ያኔ ግን በጣም ተናድጄባት ነበር።

በሳምንቱ ዩታ የምትባል የሊንዝ ከተማ አስተማሪ ማረፊያዬ መጣች። በየዓመቱ የምትመጣ ብስክሌተኛ ናት፤ የዚያን ጊዜ ግን በባቡርና በእግሯ ነበር የመጣችው። ኮከብ በሞተችበት ቀን በበሩ ያለፈችው እሷ ነበረች። ሩፐርት መንገድ ላይ አግኝቷት "ነፍሰ ገዳይ" ብሏታል። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጥታለች፣ ብስክሌቷንም ልትሸጥ ነው። ቡርጊ ዘንድ ይዣት ወጣሁ።

"እማማ፣ የዘጋሁት ይመስለኛል" አለች ዩታ። "ሁሌም እዘጋዋለሁ። ግን ያን ቀን እጄ በሩን ሲዘጋ ላስታውስ ብል አቃተኝ። እኔ ከሆንኩ ይንገሩኝ፣ ልወቀው።"

"ዘግተሽዋል፣ ልጄ።"

"እርስዎ ደግ ስለሆኑ ነው።"

"እኔ ደግ? ይህችን ማን አሳሳታት?" አለችኝ ቡርጊ ወደ እኔ ዞራ፤ ሳቋ ግን ከከንፈሯ አላለፈም። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። ቡርጊ በሽርጧ ጫፍ ፊቷን ጠረገችላትና፣ "ላሞቹ የሚወርዱ ቀን ነይ። ብስክሌትሽንም ይዘሽ ነይ። እስከዚያ እንዳትሸጪው" አለቻት።

በመስከረም ላሞቻችን ከተራራ ሲወርዱ ጭንቅላታቸው ላይ አበባ ታስሮ፣ ትልልቁ ደወል አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ ነው። በበጋው ሞት የገባበት መንጋ ግን ባዶ ራሱን፣ ያለ ደወል ይወርዳል። ከንቲባው ይህንን እያወቀ እንግዶች በአውቶቡስ መጥተዋልና ትንሽ አበባ ብትደረግ ብሎ ለመነ። ቡርጊ፣ "እናትህ የሞተች ዕለት ከረባትህ ምን ዓይነት ነበር?" ብላ አፉን አስያዘችው።

ላሞቹ ወረዱ። ከሰኮናቸው ኮቴ በቀር የሚሰማ አልነበረም። ሩፐርት ከፊት፣ ቁልፉ አንገቱ ላይ፤ ቡርጊ ከኋላ። ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ሲደርሱ ባለ ከብቶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ዩታ ብስክሌቷን ይዛ ከእኔ አጠገብ ቆማለች። ሩፐርት አያትና ፊቱ ተለዋወጠ።

"ይኸውላችሁ!" አለ ዱላውን ወደ እሷ ቀስሮ። "ላሜን የገደሉት እነዚህ ናቸው! ያ በር እኔ በሕይወት እያለሁ አይከፈትላቸውም!"

ሰዉ አጉረመረመ። ከኋላ አንዱ፣ "እውነቱን ነው! ይዘጋ!" ሲል ሰማሁ። ዩታ ብስክሌቷን ወደ ኋላ ሳበች። እኔም አፌን ልከፍት ነበር፤ እግዜር ይወቀው፣ የሩፐርትን ነገር ልዘረግፈው ነበር። ቡርጊ ግን በላሞቹ መካከል አልፋ መጥታ ባሏና ልጅቷ መሐል ቆመች።

"በሩን ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ" አለች።

ስንትና ስንት ዘመን የሰው ከብት በአደራ ይዛ አንዲት ጥጃ ያልጠፋባት ሴት ናት። ባለ ከብቶቹ እርስ በርሳቸው ሲተያዩ አየሁ። ፊቷ እንደ በሰለ ቲማቲም ቀላ፣ አንገቷን ግን አልደፋችም።

"አንቺ?" አለ ሩፐርት።

"እኔ። ወጥቼ ስመለስ ረሳሁት። ይህች ልጅ ዘግታው ነበር። ፈርቼ ነው እስካሁን ዝም ያልኩት።"

"አርባ ዓመት!" ብሎ ጮኸባት። "አርባ ዓመት ሙሉ በሩን ዝጊ፣ በሩን ዝጊ ስልሽ! ሰው ፊት አዋረድሽኝ እኮ!"

"ብለኸኛል። ልክ ነህ።"

ያንን ሁሉ ስድብ የምታወርድ ሴት፣ አንዲት ስድብ ሳትመልስ ተሰደበች። እሱ እያለከለከ አያት። ከዚያ ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ ለዩታ ሰጣትና፣ "ልጄ፣ ይቅር በይኝ። ሰንሰለቱን ሄደሽ ፍቺው" አለ። ወደ ሕዝቡም ዞረ።

"ምን አፍጥጣችሁ ታዩዋታላችሁ? ሸምግላለች፣ ትረሳለች! እናንተስ አትረሱም? መንጋው የትም አይሄድም። ከእንግዲህ እሷ በወጣች በገባች ቁጥር እኔ ከኋላ ከኋላዋ እየተከተልኩ በሩን እዘጋለሁ።"

ቡርጊ ያኔ ነው ያለቀሰችው።

"እሺ፣ ሩፐርት" አለችው። "ከኋላዬ እንዳትጠፋ።"